አንድ አህያ ብቻ ቢኖረን

ሰው ተወልዶ ያደገበትን ቤት ላይመለስ ሲለቅ ከንብረቱ የትኛውን ቢይዝ፣ የትኛውን ቢተው ይገባዋል? ይህን ጥያቄ ባለፈው እሑድ ከትምህርት በኋላ እኛው በእኛው አንሥተን ነበር። «አንድ ሌሊትና አንድ አህያ ብቻ ተሰጥቷችኋል» ተባልን። አንዱ የትምህርት ማስረጃዬን አለ፤ አንዷ የእናቴን ጥልፍ ቀሚስ አለች፤ ሌላው ደግሞ «ፎቶግራፉም ገንዘቡም ስልኬ ውስጥ ስለሆነ አህያዋን ለእናንተ ትቻለሁ» ብሎ አሳቀን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ለእኛ ለደባርቅና ለዳባት ልጆች ነገሩ እንቆቅልሽ አይደለምና።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ በዛሪማ በኩል ወደ ሊማሊሞ ሲቃረብ በየቤታችን ዕቃ ታስሯል፤ ተፈትቶ እንደገና ታስሯል። ያን ጊዜ የያዝነው ስንቅ፣ ብርድ ልብስ፣ ጥቂት ገንዘብና የቤቱን ቁልፍ ነበር። ቁልፉን ልብ በሉልን። ቁልፍ የሚይዝ ሰው እመለሳለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። የሚሸሽ ሰው ለነገና ለተነገ ወዲያ የሚያስፈልገውን ስለሚይዝ ምርጫው ብዙ አያስጨንቀውም። ላይመለስ ለሚሄድ ሰው ግን ቁልፉ ተራ ብረት ነው። ጥያቄያችን የሚመለከተው እርሱን ነው።

እንዲህ ያሉ ሰዎች ጎረቤቶቻችን ናቸው። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከገብስ በቀር እህል በማይጠናበት ደጋ ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር 418 አባወራዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ መጥተው ሰፈሩ። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም፣ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተራ ገብቶ ነበር፤ ከሰፈራው በኋላ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ወጣ። ይህ መልካም ነው። ለሰዎቹ ምን ቀረላቸው የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከእነርሱ አንዲት እናት ከቤታቸው ዕቃ መካከል መጁን ይዘው መጥተዋል። ወፍጮው ራሱ ከባድ ነውና እዚያው ቀርቷል። መጅ ያለ ወፍጮ ምን ይፈጫል? ደግሞስ በከተማ የወፍጮ ቤት ሞልቶ የለምን? መጀመሪያ ስናይ ከእኛ ውስጥ የሣቁ ነበሩ፤ አንሸሽገውም። ጠጋ ብለን ስናየው ግን ድንጋዩ ግራና ቀኙ እጅ በሚያርፍበት በኩል ተበልቶ ጎድጉዷል። የእርሳቸው እጅ ብቻ አይደለም፤ የአማታቸውም፣ የአማታቸው እናትም እጅ ነው።

«እንግዲያው ሰው የሚወደውን ይያዝ» ብለን ልንደመድም ስንል አንድ ወንድማችን ተቃወመን። እንዲህም አለ፦ «አህያዋ ድንጋይ ከጫነች የልጆቹን እህል ማን ይሸከማል?» ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ከዚሁ ከጎንደር ገጠር ወደ ሱዳን በእግራቸው የወጡትን ቤተ እስራኤላውያን እናስብ። ጉዞው ምስጢር ስለነበረ ከብታቸውን በግልጽ መሸጥ አልቻሉም፤ ጎረቤት እንዳይነቃ በሌሊት ወጡ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች በሺህ የሚቆጠሩ ሞቱ። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ በጀርባ የተሸከሙት ዕቃ በሕፃን ቦታ የገባ ዕቃ ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ያህል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ሲወሰዱ ብዙ ሰው እንዲይዙ የአውሮፕላኖቹ ወንበሮች ሳይቀሩ ተነቅለው ነበር። ወንበር በተነቀለበት ሻንጣ አይጫንም።

ስለዚህ የተስማማንበት ይህ ነው፦ የሰው ቦታ የሚይዝ ዕቃ ወርቅም ቢሆን ይቅር። ቦታ ከተረፈ በኋላ ግን ማንም በማንም ድንጋይ ላይ አይፍረድ። በዚህም ላይ ቢሆን ሁላችንም በሙሉ ልብ አልተስማማንም፤ የኦሪት መጻሕፍታቸውን ተሸክመው የወጡ ካህናት እንደነበሩ ስለሚነገር፣ «መጽሐፉስ?» ያለችው እኅታችን እስካሁን መልስ አላገኘችም።

የሚተወው ነገር ጉዳይ ደግሞ አለ። ይህን በመጀመሪያው ውይይታችን ጨርሶ ረስተነው ነበር። የሚይዘውን የሚመርጥ ሰው ሳያስበው የሚተወውንም ይመርጣል። ላሚቱን ለማን ይሰጣል? ውሻውስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ማንን ይጠብቃል? መቃብርስ? ዮሴፍ አጥንቱን ከግብፅ እንዲያወጡለት ወንድሞቹን አስምሎ ነበር፤ ሙሴም ሲወጣ ይዞለት ወጥቷል። የግጭ ሰዎች ግን የወላጆቻቸውን መቃብር ከገብሱ ማሳ አጠገብ ትተው ነው የወረዱት። አንዳንዶቻችንም ነገ ለሥራ ወይም ለትምህርት ሊማሊሞን ቁልቁል እንወርዳለን፤ ስንቶቻችን እንደምንመለስ አይታወቅም፤ ሻንጣችንን ስናስብ እንጂ ትተነው ስለምንሄደው ስናስብ ግን አንገኝም።

በመጨረሻ ወደ እናትየዋ ሄደን «እማማ፣ መጁን ለምን መረጡት?» ብለን ጠየቅናቸው። ስለ አማታቸው ያወሩናል ብለን ነበር። እርሳቸው ግን «የደባርቅ ነፋስ በሬን እያንኳኳ አላስተኛ ብሎኝ ነበር፤ አሁን እርሱን አስደግፌበት እተኛለሁ» አሉንና ቡና ለማፍላት ተነሡ።