ኦ ክፍል ለተመደብሽው ልጄ

ልጄ፣ ከአንደኛ ክፍል በፊት ባለው ኦ ክፍል ተመደብኩ ብለሽ አንገትሽን አትድፊ። በመምህራን ማረፊያ «አንቺማ ስትዘፍኚ ነው የምትውዪው» የሚሉሽ እንደማይጠፉ አውቃለሁ። ይህን ንግግር መሸከም አቅቷቸው መስከረም ሳይጠባ ወደ ላይኛው ክፍል የሚያዛውራቸው ሰው የሚያፈላልጉ ወጣት መምህራን ብዙ አይቻለሁ። እኔ የምመክርሽ እዚያው እንድትቆዪ ነው። ቆይተሽም የትንንሽ ልጆች ጉዳይ ሲነሳ ርዕሰ መምህሩም ባልደረቦችሽም «እስቲ እሷ ምን ትላለች?» የሚሉሽ ሰው እንድትሆኚ ነው። ለዚህ ሹመት አያስፈልግሽም።

ይህ ሥራ በአገራችን ለረጅም ጊዜ ባለቤት አጥቶ ኖሯል። የቄስ ትምህርት ቤቱና መድረሳው በየሰፈሩ ሕፃናትን ሲቀበሉ ኖረዋል፤ አጸደ ሕፃናት የሚባለው ግን በአብዛኛው ከተማ ለሚኖርና መክፈል ለሚችል ቤተሰብ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ካወጡ በኋላ ነው ኦ ክፍል በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ግቢ እየተስፋፋ የመጣው። ክፍሉ በፍጥነት ተከፈተ፤ መምህሩ ግን በዚያ ፍጥነት አልሠለጠነም። በብዙ ቦታ ለሌላ ክፍል የተዘጋጀ ሰው ገብቶ የአንደኛ ክፍልን ትምህርት አንድ ዓመት ቀድሞ ማስተማር ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። ሙያው ገና ቅርፅ እየያዘ ነው፤ ቅርፁን የምታስይዙት እናንተ ናችሁ።

ከሁሉ በፊት ልጅ ማየት ልመጂ። አንድ ልጅ ከአንድ እስከ ሃያ በዜማ ሳይሳሳት ይቆጥርልሻል፤ እናቱም ትኮራበታለች። ቆርኪ የሞላ ጣሳ ፊቱ አስቀምጪና «አምስት ስጠኝ» በይው። እፍኙን ሞልቶ ያስረክብሻል። «አምስት ነው?» ስትዪው «አዎ» ይላል። ቁጠረው ብትዪው እስከ ስምንት ቆጥሮ አሁንም «አምስት ነው» ሊልሽ ይችላል። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። የቁጥሮቹን ስም በተራ ያውቃል፤ ሲቆጥር መጨረሻ ላይ የጠራው ስም የብዛቱ ልክ መሆኑ ግን ገና አልተገለጠለትም። ይህ ደግሞ ሃያውን ሃምሳ ጊዜ በማስዘመር አይገለጥም። ሁለት ጠጠር አምጣ፣ ለአራቱ ጓደኞችህ አራት ብርጭቆ አድል፣ አንድ ቢጨመር ስንት ይሆናል እየተባለ በእጁ ሲሠራው ነው የሚገባው። ይህን ለይታ የምታውቅ መምህርት ስትዘፍን የምትውል አይደለችም።

የኔታዎችም ነገሩን ከጥንት ያውቁታል። ሀ ሁ ሂ ሃን በዜማ የሸመደደ ልጅ ፊደሉን በዓይኑ መለየቱ የሚታወቀው አ ቡ ጊ ዳ ላይ ተራው ሲናጋበት አይደል? ደግሞም ፊደል የለየው ልጅ ቁጭ ብሎ ጀማሪውን ያስቆጥራል። መምህሩ አንድ፣ ተማሪው ብዙ በሆነበት ቤት አንዱ ያወቀውን ለሌላው ሳያካፍል ትምህርት አይሄድም። እናንተ መምህራን ግን በራችሁን ዘግታችሁ በየግላችሁ ትለፋላችሁ።

ስለዚህ በሩን መጀመሪያ የምትከፍቺው አንቺ ሁኚ። አንዲት ባልደረባሽን ለግማሽ ሰዓት ከኋላ አስቀምጫት። «ትምህርቴ እንዴት ነው?» ብለሽ ግን አትጠይቂያት፤ እንዳይከፋሽ ብላ «ጥሩ ነው» ትልሽና ትወጣለች። የልጆቹን ስም ዝርዝር ስጫትና አፉን ከፍቶ በተናገረው ልጅ ስም ላይ ምልክት ታድርግ። ወረቀቱን ስትቀበዪ ፊት የተቀመጡት ጥቂት ልጆች ስም በምልክት ተሞልቶ፣ በሩ አጠገብ የምትቀመጠው ልጅ ስም ባዶውን ልታገኚው ትችያለሽ። ጨዋ ናት፣ አትረብሽም እያልሽ ያለፍሻት ልጅ ናት። ምናልባት በቤቷ የሚነገረው ሌላ ቋንቋ ነው። ምናልባት ጆሮዋ በደንብ አይሰማም። ምናልባትም ጠዋት ቁርስ ሳትቀምስ ነው የምትመጣው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በማግስቱ አጠገቧ ተቀመጪ፤ ወላጇንም ጠይቂ። ከዚያ አንቺም ተራሽን የባልደረባሽ ክፍል ገብተሽ ምልክት አድርጊላት።

ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማለት ለእኔ ይህ ነው። እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት እንዲሠራበት ይጠበቃል፤ አዲስ መምህር ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ልምድ ባለው አማካሪ እንዲታገዝ ተደንግጓል። ሐሳቡ መልካም ነው። የሚያሳዝነኝ ያምናው ዕቅድ ቀኑ ብቻ ተቀይሮ ሲገለበጥ፣ ፖርትፎሊዮው ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ከመሳቢያ ወጥቶ ሲሄድ ወደ መሳቢያ ሲመለስ ማየት ነው። አንቺ ከዚህ ራቂ። «የተማሪዎችን ውጤት ማሻሻል» የሚል ሰፊ ርዕስ አትጻፊ። «ዝም የሚሉትን ልጆች እንዲናገሩ ማድረግ» ብለሽ ጻፊ፤ ጥቅምት ላይ ስንት ነበሩ፣ ጥር ላይ ስንት ሆኑ የሚለውን አንቺው ታዪዋለሽ። የደረጃ ዕድገቱ ከጀማሪ መምህር እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ረጅም መንገድ አለው፤ ደመወዝሽንም ስለሚነካ ችላ አትበዪው። ኑሮው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። በክረምት የመማር ዕድል ስታገኚ ግን ከክፍሉ ለመውጣት ብለሽ ሌላ ዘርፍ አትምረጪ፤ የቀዳማይ ልጅነት ትምህርት ካለ እሱን ያዢ።

የኦ ክፍል መምህርት በየትምህርት ቤቱ ብዙ ጊዜ ብቻዋን ናት። አምስተኛ ክፍል የሚያስተምረው ባልደረባሽ ጥሩ ሰው ቢሆን እንኳ፣ አልቅሶ ከአጥር የማይላቀቅ ልጅ እንዴት እንደሚያዝ ሊመክርሽ አይችልም። ስለዚህ ሱፐርቫይዘሩን ጠይቂ፤ ጎረቤት ትምህርት ቤቶችን በሚያገናኘው የጉድኝት ማዕከል ያላችሁ የኦ ክፍል መምህራን በወር አንድ ግማሽ ቀን እንድትገናኙ ያመቻች። እምቢ ቢል እንኳ ከእነዚህ መምህራን ከሁለቱ ጋር ቡና ላይ ተቀመጪ። እያንዳንዳችሁ አንድ የሠራ ጨዋታና አንድ ያስቸገረ ልጅ ይዛችሁ ኑ። እንቆቅልሽ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ተረት፣ ጭቃ፣ ሰንበሌጥ ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቁ መሣሪያዎች ናቸው።

ርዕሰ መምህሩ ሌላ መምህር በቀረ ቁጥር አንቺን ጠርቶ ሦስተኛ ክፍል ሊያስገባሽ ይሞክራል፤ ኦ ክፍል ለጊዜው ቢበተን የሚጎዳ አይመስለውም። ተቆጥተሽ አትመልሺለት። ማስታወሻሽን ይዘሽ ቢሮው ግቢና «ጋሼ፣ በዚህ ወር ይህን ያህል ቀን ክፍሌ ተበትኗል፤ እነዚህ ልጆችም ከዚህ ደረጃ ላይ ቆመዋል» በይው። አክብሮት ሳይጎድል በማስረጃ የተነገረ ነገር ቢሮ ውስጥ ይሰማል። ሁልጊዜ ይሰማል ብዬ አልዋሽሽም፤ ግን ዝም ካልሽ ማንም ስለ እነሱ አይናገርም።

ወላጅ ደግሞ ደብተር ገልጦ «ምን ጻፈ?» ይላል። ገጹን ለመሙላት ብለሽ የልጁን ጣት አታድክሚ። እናትየዋን አንድ ጠዋት ክፍል ውስጥ አስቀምጫትና የቆርኪውን ሥራ ልጇ ሲሠራ ትየው። ረዳት ካለችሽም አማክሪያት፤ አፍንጫ የምትጠርገውና ጫማ የምታስረው እሷ ስለሆነች አንቺ ያላየሽውን አይታለች።

ሰኔ ላይ ልጆቹን ስትሸኚ ለአንደኛ ክፍል መምህርቷ ስም ዝርዝር ብቻ አትስጫት። አብራችሁ ተቀመጡና ማን በምን እንደሚደሰት፣ ማን ምን ላይ እንደቆመ ንገሪያት። ጥቅምት ሲደርስ ተመልሰሽ ሂጂና የትኞቹ እንደተቸገሩባት ጠይቂያት፤ የምትልሽን ሳትከራከሪ ጻፊ፤ የአዲሱ ዓመት ዕቅድሽ ላይም ቶሎ አስገቢው።