የጎደለ ብርሃን ምስክርነት

የነፍስ አባቴ ቡና ላይ ሳለን «እናንተስ የማታዩትን ታምኑ የለም እንዴ? ከእኛ በምን ተለያችሁ?» አሉኝ። ዕድሜዬን ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬያለሁና ጥያቄው እንግዳ አልሆነብኝም። የፒዲኤስ 456ን ነገር አነሣሁላቸው።

ይህ ከሁለት ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ የሚርቅ ኩዌዘር፣ ማለትም እጅግ ደማቅ የጋላክሲ እምብርት ነው። በመካከሉ ካለው ግዙፍ ብላክ ሆል ዙሪያ የሚነሣው ነፋስ የብርሃንን ፍጥነት ሩብ ገደማ፣ በሰከንድ ወደ 75 ሺህ ኪሎ ሜትር ይከንፋል። ነፋሱን ያየ የለም፤ የታወቀው በጎደለ ብርሃን ነው። ከብላክ ሆሉ አጠገብ የተነሣው ኤክስሬይ በነፋሱ ሲያልፍ፣ አንድ ወይም ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ የቀረው ብረት ከመካከሉ ይውጣል። ጋዙ ቢቆም ጉድለቱ 6.7 ወይም 6.97 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ይታይ ነበር። ወደ እኛ ሲገሰግስ ግን ወደ ላቀ ኃይል ይገፋል፤ የጽንፈ ዓለሙ መስፋት ያመጣው ለውጥ ታስቦ ሲወጣ፣ ፍጥነቱ ከቀረው ይሰላል።

«ታዲያ ይኼ እምነት እንጂ ሌላ ምንድን ነው?» አሉ አባ።

ነው እንበል። ግን በዚያ ኃይል የሚደርሰን ኤክስሬይ ጥቂት ነው፤ ከመለኪያው መዋዠቅ መካከል የሚፈልግ ሰው የፈለገውን ጉድጓድ አያጣም። እ.ኤ.አ. በ2008 የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ሳይመን ቮን እና ፊል ኧትሊ የታተሙትን እንዲህ ያሉ ግኝቶች ሰብስበው ጎን ለጎን አስቀመጡ። ጎላ ያሉት ምልክቶች ሁሉ የስሕተት ስፋታቸውም የዚያኑ ያህል ትልቅ ነበር። እውነት ቢሆኑ ኖሮ ልኬቱ በተሻለበት ቦታ ጎልተው መታየት ነበረባቸው። ያገኘ ያሳትማል፣ ያጣ ዝም ይላል ብለው ጠረጠሩ፤ የጠረጠሩትም የገዛ ባልደረቦቻቸውን ነው።

እኔ ጠበል የምሄድ ሰው ነኝ። የዳነው ቆሞ ይመሰክራል፣ እልል ይባላል። ያልዳነው ጄሪካኑን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ስሙን የሚመዘግብ አላየሁም። ይህን ለአባ ስነግራቸው አልተቆጡም፤ ደስም አላላቸውም።

ጥርጣሬው ነፋሱን አላጠፋውም። በ2010 ፍራንቼስኮ ቶምቤዚ እና ባልደረቦቹ የ42 ጋላክሲዎችን ልኬት በአንድ ዓይነት ዘዴ ፈተሹ፤ የተገኘበትንም ያልተገኘበትንም ቆጠሩ። ፈጣኑ ነፋስ ከሲሶ በላይ በሚሆኑት ላይ ተገኘ። በ2023 ከጃፓን የመጠቀችው የኤክስሬይ ሳተላይት ክሪዝም ደግሞ ፒዲኤስ 456ን ተመለከተች። መለኪያዋ ከፍጹም ዜሮ በ0.05 ዲግሪ ብቻ የሚበልጥ ቅዝቃዜ ውስጥ ይሠራል። ቀድሞ አንድ ሰፊ ጉድለት በሚመስለው ቦታ የተለያየ ፍጥነት ያላቸው አምስት ነፋሳት ለየብቻ ታዩ።

ስለዚህ አባ፣ እኔ እንደሚመስለኝ የተለያየነው በማየትና ባለማየት አይደለም። ተመራማሪዎቹ ያጣውንም ጠይቀዋል፤ እኛም ያልዳነውን እንጠይቅ።