ሥራና የልብ ዕረፍት



በጀጎል በመኪና ግርግር ጎዳና ስናልፍ የስፌት መኪናው ድምፅ ይቀበለናል። ልብሱ ያልደረሰለት ደንበኛ ሲቆጣ ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ይጠይቃል። የታማሚ ዘመድ የሰደባት ነርስም በለሰለሰ ቃል ትመልሳለች። እነዚህ ሰዎች ከጉልበታቸው ሌላ ፊታቸውንና ድምፃቸውንም ለሥራው ይሰጣሉ። አሜሪካዊቷ የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር አርሊ ሆክሽልድ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ድካም የስሜት ሥራ ብላዋለች፤ ያጠናችውም በተለይ የአውሮፕላን አስተናጋጆችን ነበር።

ለከተማችን ግን ነገሩ አዲስ አይደለም። የካፑቺን ማኅበር አባል አባ ማሪ በርናር እ.ኤ.አ. በ1901 በሐረር የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠጊያ መሥርተዋል። በእንዲህ ያለ ቤት ቁስል የሚያጥብ ሰው ከእጁ ይልቅ ፊቱን መግዛት ይከብደዋል፤ ሕመምተኛ መጸየፍን ከሁሉ አስቀድሞ ያያልና። ይህ ትዕግሥት በእውነት ፍቅር ነው።

ሆኖም ትዕግሥትን ከማስመሰል እንለይ። ቀኑን ሙሉ የታፈነ ቁጣ ማታ በትዳር ጓደኛና በልጆች ላይ ይወርዳል፤ አለዚያም እንቅልፍ ይነሣል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ ጫና የሚመጣውን መዛል በሽታ ባይለውም ከሥራ ጋር የተያያዘ ችግር መሆኑን በመዝገቡ አስፍሯል። እኛስ? ዝሎ የመጣውን ሠራተኛ ስንት ጊዜ «ጸልይ፣ ታገሥ» ብቻ ብለን ሸኘነው! ጸሎት መልካም ሆኖ ሳለ፣ የእኛ ምክር ግን ነገሩን ላለመስማት ማምለጫ ሆኖ ነበር።

ነቢዩ ኤልያስ ሞቱን ለምኖ ከዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ (1ኛ ነገ. 19) መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶም ዳግመኛ ተኛ። ስለ ተልእኮው የተነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ጌታችንም ሐዋርያት ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ ለብቻቸው ገለል ብለው እንዲያርፉ ጠርቷቸዋል (ማር. 6)።

ሠራተኛ የምታስተዳድሩ ወገኖቻችን ሆይ፤ ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት ሥራ ለሰው እንጂ ሰው ለሥራ እንዳልሆነ አስተምረዋል። እንግዲህ የተሰደበ ሠራተኛችሁ ጥቂት ወጥቶ እንዲተነፍስ ፍቀዱለት፤ በደንበኛ ፊትም አታዋርዱት። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም በሚቀጥለው ጉባኤ ከትምህርቱ በፊት በሥራቸው ምን እንደ ከበዳቸው ምእመናንን ጠይቁ፤ ለመምከርም አትቸኩሉ።