ወንድማችንን ለማን እንክሰሰው?

የመዝሙር ጥናት አልቆ ከአዳራሹ ስንወጣ እስከ ግቢው በር ድረስ የሚወራው ነገር ብዙ ጊዜ የሰው ስም አያጣም። እገሌ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይመጣል፤ እገሊት የማኅበሩን ገንዘብ በጊዜው አታስረክብም፤ መሪው ያዳላል። የሚወራው ሁሉ ውሸት አይደለም። እንዲያውም እውነት በመሆኑ ሐሜት አይመስለንም።

እንግዲህ በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፉ ሁለት ቅሬታዎችን እንመልከት። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12 የሙሴ እኅት ማርያምና አሮን ሙሴን ኢትዮጵያዊት ሴት በማግባቱ አሙት። ማግባቱ እውነት ነበር፤ ነገር ግን ወሬው በዚያ ሳይቆም ወዲያው ወደ ክብር ፉክክር ተሻገረ፤ ሴቲቱ ሰበብ ነበረች ማለት ነው። ማርያም በለምጽ ተመታች፤ 7 ቀንም ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች። እርስዋ እስክትመለስ ድረስ ያ ሁሉ ሕዝብ ጉዞውን አቋርጦ ጠበቀ። ስለ እርስዋ ወደ እግዚአብሔር የጮኸውም የታማው ሙሴ ራሱ ነው። (አሮን ለምጽ ሳይነካው ለምን ቀረ የሚለውን ለመምህራኖቻችን እንተወዋለን።)

ሁለተኛው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ይገኛል። የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ምእመናን መበለቶቻቸው በየዕለቱ እደላ ስለ ተዘነጉ አጉረመረሙ። ሐዋርያት ግን ቅሬታውን አልገሠጹም፤ ሕዝቡን ሰብስበው 7 ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። ሊቀ ዲያቆናት የምንለው ቅዱስ እስጢፋኖስ የተሾመው በዚህ ቅሬታ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የተበደለ ሰው አይናገር አንልም። «ክርስቲያን አያማርርም» እያለ የሚያስፈራራንም አንዳንድ ጊዜ የራሱ ጉድ እንዳይነሣበት የሚፈራ ነው። ጥያቄው ለማን እንናገር ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 መጀመሪያ ለብቻው፥ ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘን፥ ከዚያ በኋላ ለቤተ ክርስቲያን እንድንናገር ሥርዓት ሰጥቶናል። በመካከላችን ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ሰፈር ይሰማል፥ ማኅበር ይሰማል፤ ባለቤቱ በመጨረሻ፥ ያውም ከሌላ ሰው አፍ ይሰማል።

ፊት ለፊት መነጋገር የሚከብደው ወንድማችን መልስ ሊኖረው ስለሚችል ነው። ያ የሚዘገየው ልጅ ምናልባት የታመመች እናቱን አብልቶ የሚመጣ ይሆናል፤ ይህን ከደጃፍ ወሬ ማን ያገኘዋል? ገንዘብ ያዢዋንም ደብተሩን አብረን እንይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። መሪውን ለብቻው መናገር ለሚፈራው ታናሽ ደግሞ ሁለተኛው ደረጃ አለለት፤ አብሮት የሚገባ አንድ ሰው ከመካከላችን ይነሣለት።