ስንት አገኘን?

በእኛ ሰፈር እሑድ ማታ ከሱቅ አጥብቀው የሚፈለጉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ዳቦና ካርቶን። ዳቦው ለሰኞ ጠዋት የምሳ ዕቃ ነው። ካርቶኑም ለሰኞ ጠዋት ነው፤ ግን ለ“ፕሮጀክት”። ባለሱቁ ነገሩን ለምዶታል። ባዶ የብስኩት ካርቶን ድሮ በነጻ ይሰጥ ነበር፤ አሁን ዋጋ አውጥቶለታል። ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫዎች መካከል ደግሞ ጉዳዩን አንድ ደረጃ ከፍ ያደረጉት አሉ። ከፎም ተቆርጦ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ሣር መሳይ ነገር ጣራው ላይ ተለጥፎ ያለቀለት ጎጆ ቤት ይሸጣሉ። የሚጎድለው የተማሪው ስምና ክፍል ብቻ ነው።

ፕሮጀክት የሚለው ቃል በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ሌላ ነገር ነበር የሚያስታውሰው። ልጆች ሳለን ፕሮጀክት ማለት ግድብ ነበር፤ መንገድ ነበር፤ የመስኖ እርሻ ነበር። ኋላ ደግሞ “ፕሮጀክት አለው” የተባለ ሰው ላንድክሩዘር አለው ማለት ሆነ። ዛሬ ፕሮጀክት ያለበት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። “ያለበት” ማለቴን ልብ በሉልኝ። ልጆቹ ራሳቸው የሚሉት እንዲያ ነው፤ “አባዬ፣ ነገ ፕሮጀክት አለብኝ!” ዕዳ ይመስል። አባትም የልጁን ዕዳ ሊከፍል ይነሣል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልጅ የሚያስተምር ሁሉ ያውቀዋል። እናት መቀስ ትይዛለች፤ አባት ማስቲሽ ይይዛል፤ ታላቅ እህት ስልኳ ላይ የአክሱም ሐውልትን ፎቶ ትፈልጋለች፤ መሐንዲሱ አጎት በስልክ ይማከራል። “መሠረቱን ሰፋ አድርጉት፤ አለዚያ ይወድቃል” ይላል ከወዲያ ማዶ። ባለፕሮጀክቱ መጀመሪያ ላይ አንድ ሁለቴ እጁን ለማስገባት ሞክሮ “ተው! ታበላሸዋለህ!” ስለተባለ ቴሌቪዥን ከፍቶ ተቀምጧል። ሦስት ሰዓት ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሐውልቱ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ይቆማል።

ታዲያ በማግስቱ ማታ አባት ከሥራ ሲመለስ የሚጠይቀውን ጥያቄ ስሙልኝ። የሒሳብ ፈተና ሲሆን “ስንት አገኘህ?” ነው የሚለው። ፕሮጀክት ሲሆን ግን “ስንት አገኘን?” ይላል። ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለኖርኩ እንዲህ ያለች ከ“አንተ” ወደ “እኛ” የምትሻገር ትንሽ ፊደል በቀላሉ አታመልጠኝም። እጅ የደበቀውን ምላስ አወጣው ማለት ነው።

ይህን ነገር አንድ ጎረቤቴን በጨዋታ አነሣሁበት። ደኅና ሰው ነው፤ ቀጣፊ የሚባል ዓይነት አይደለም። “ምን ላርግ ጋሼ?” አለኝ። “ሁሉም ያሠራል። የእኔ ልጅ ብቻዋን ጠማማ ቤት ይዛ ሄዳ ከአሥር አራት ታምጣ? የኔን ሐቀኝነት እሷ ትክፈልበት?” ቀጠለና ደግሞ “ለመሆኑ ማን ተታለለ? መምህሯ ታውቃለች፤ ልጅቷም ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ” አለኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህ እንዲህ በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄው የብዙ ጨዋ ሰው ጥያቄ ነው፤ ሁሉም በሚያጭበረብርበት ገበያ ውስጥ ሐቀኛው ለምን ብቻውን ይክሰር? ሁለተኛው ግን የበለጠ ያስቸግራል። ማንም ያልተታለለበት ውሸት ውሸት ነው ወይ? ወደዚህ ጥያቄ ከመሄዴ በፊት ግን ፕሮጀክት የሚባለው እንግዳ ከየት እንደመጣ እንይ።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አንድ ትንሽ የሙከራ ትምህርት ቤት ከፈተ። ልጆቹ እዚያ ምግብ ያበስላሉ፣ ይሸምናሉ፣ እንጨት ይጠርባሉ። ሸማኔና አናጢ እንዲወጣቸው አልነበረም፤ እጅ ሲሠራ አእምሮ እንደሚጠይቅ ስላመነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ዊልያም ኪልፓትሪክ “የፕሮጀክት ዘዴ” የሚለውን ጽሑፉን አወጣ። የጽሑፉ እምብርት አንድ ነገር ነው፤ ሥራው ፕሮጀክት የሚባለው ልጁ ራሱ ከልቡ ሊሠራው ሲነሣ ነው። ሐሳቡ ልጁ የሚያስበው፣ ዕቅዱ ልጁ የሚያወጣው፣ ፍርዱም ልጁ የሚሰጠው መሆን አለበት።

እኔ የማውቀው እውነተኛ ፕሮጀክት የሽቦ መኪና ነው። ሽቦው ከየአጥሩ ተለቅሞ፣ ጎማው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ወይም ከቆርኪ ተሠርቶ፣ መሪው ደረት ድረስ ረዝሞ የሚነዳው መኪና። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም ከአሥር አያርመውም። ካልዞረ ግን አይዞርም! ሠሪው ቁጭ ብሎ ለምን እንዳልዞረ ያስባል። የፊት እግሩን ፈትቶ እንደገና ያስራል። ኪልፓትሪክ ያን ልጅ ቢያገኘው ኖሮ ብዙ ገጽ ባልጻፈ ነበር። የእኛ አገር የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በ1986 ዓ.ም. ሲወጣ ተማሪው በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ብቻ ሳይሆን በተከታታይ ምዘና፣ በተግባርም ጭምር እንዲለካ ያለው ይህንኑ መንፈስ ለማምጣት ይመስለኛል። ሐሳቡ መልካም ነበር። ግን ዕቃው ባሕር ሲሻገር ዋናው ነገር መንገድ ላይ ወደቀና ካርቶኑና ማስቲሹ ብቻ ደረሱን።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ ተጋብዤ ነበር። የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የሠሩት ሁሉ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። ላሊበላ አለ፤ ፋሲል ግንብ አለ፤ በባትሪ የሚበራ የትራፊክ መብራት አለ። ከፎም የተሠራ አንድ የአክሱም ሐውልት ፊት ቆሜ ባለቤቱን “ጎበዝ! እንዴት አድርገህ ሠራኸው?” ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ጥያቄዬ የገባው አልመሰለኝም። “አጎቴ ኢንጂነር ነው” አለኝ። መልሱ ሙሉ ነበር።

ከሐውልቱ አጠገብ አንገቱ ወደ ግራ ያዘመመ የጭቃ ጀበና አለ፤ ሆዱ ላይ ተሰንጥቋል። ባለቤቷን ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኋት። ምናለ ባልጠየቅኋት! አላቆም አለች። የመጀመሪያው ፀሐይ ላይ ስታደርቀው ለሁለት ተሰነጠቀ። ለሁለተኛው አያቷ አሸዋ ቀላቅዪበት አሏት፤ አሸዋው በዛና አልያያዝ አለ። ሦስተኛውን ጥላ ውስጥ አደረቀችው፤ ትንሽ ብቻ ነው የተሰነጠቀው። “አራተኛው ግን አይሰነጠቅም” አለችኝ። አራተኛው ገና አልተሠራም፤ እሷ ግን አይታዋለች።

የተሸለመው ሐውልቱ ነው።

መምህሯን ለብቻ አግኝቼ አነጋገርኳት። “ጋሼ፣ መች አጣሁት?” አለችኝ። “አርባ ስምንት ልጅ ነው ያለኝ። የማን እንደተሠራ የማን እንዳልተሠራ ገና ከበር ሲገቡ አውቀዋለሁ። ግን ለሐውልቱ ዝቅ አድርጌ ብሰጥ ነገ እናትየው ቢሮ ናቸው። ርእሰ መምህሩም ‘ለወላጅ የሚታይ ነገር አቅርቡ’ ነው የሚሉን።” የምትናገረው እንደ ጥፋተኛ አልነበረም፤ እንደ ደከመው ሰው ነበር። ፍርድ ለመስጠት የቸኮልኩ እኔም እዚያ ላይ ረገብኩ። እናትየው ልጃቸውን ይወዳሉ፤ ርእሰ መምህሩ ትምህርት ቤቱ እንዳይዘጋ ያስባሉ፤ መምህሯ ደሞዟን ትፈልጋለች። ክፉ ሰው በሌለበት ክፉ ነገር ይሠራል።

እንግዲህ ወደ ጎረቤቴ ጥያቄ ልመለስ። ማንም ካልተታለለ ውሸቱ ምኑ ላይ ነው?

እኔ እንደሚመስለኝ፣ ማንም ያልተታለለበት ውሸት ከተለመደው ውሸት ይብሳል። ተራ ውሸታም ቢያንስ ይፈራል። ይደብቃል፤ እንዳይታወቅበት ይጠነቀቃል። በመፍራቱም ለእውነት ሳይወድ በግድ ያጎነብስላታል። ሁሉም እያወቀ የሚያልፈው ውሸት ግን ፍርሃት እንኳ አያስፈልገውም። ልጁ የሚማረው መዋሸትን አይደለም፤ እሱንማ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። የሚማረው እውነትን የሚፈልጋት ሰው እንደሌለ ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ለብቻው ትምህርት ሆኖ ለልጆቻችን ይሰጣል። ልጁ በአንዱ ክፍለ ጊዜ ስለ ሐቀኝነት ይማርና በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የአጎቱን ሐውልት ያስረክባል። ከሁለቱ ትምህርቶች የትኛው በልቡ የሚቀር ይመስላችኋል? አርስቶትል ሰው ደግ የሚሆነው ስለ ደግነት በመስማት ሳይሆን ደጋግሞ ደግ በማድረግ ነው የሚል ሐሳብ አለው፤ ቤት መሥራት የሚለመደው ቤት በመሥራት እንደሆነ ሁሉ። ማለማመዱ ታዲያ ለሌላውም ይሠራል።

ይህ ልጅ ያድጋል። አድጎ ሲመጣ እኔ አግኝቼዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ባስገባልኝ ጽሑፍ መካከል “ከሃያ ዓመት በፊት ባሳተምኩት መጽሐፌ እንደገለጽኩት” የሚል አረፍተ ነገር አገኘሁ። ተማሪው ራሱ ሃያ ዓመት ሞልቶት እንደሆነ እንጃ! ጠርቼ አሳየሁት። ይደነግጣል ብዬ ስጠብቅ ግራ ተጋብቶ አየኝና “መምህር፣ ግን እኮ ጥሩ ጽሑፍ ነው” አለኝ። ልጁ ሊሸውደኝ አልሞከረም። ጥሩ ነገር አምጣ ተባለ፤ ጥሩ ነገር አመጣ። የማን ነው የሚል ጥያቄ ከአሥራ ሁለት ዓመት የትምህርት ኑሮው ውስጥ አንድም ቀን ጠንክሮ አልገጠመውም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰምተን አገር ጉድ አለ። ሁሉን በኩረጃ ማመካኘት አይቻልም፤ የመጽሐፉም፣ የመምህሩም፣ የጦርነቱም፣ የኮሮናውም ድርሻ አለበት። ግን ያን ቀን “ስንት አገኘህ?” ተብለው ብቻቸውን የተጠየቁት እስከዚያ “ስንት አገኘን?” ሲባሉ የኖሩ ልጆችም ነበሩ። አሁን ደግሞ ያዘዙትን ሁሉ የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በየስልኩ ገብቷል። አጎት ያልነበረው ሁሉ አጎት አገኘ ማለት ነው።

ለመሆኑ በእኛው ባህል ይህ ጥያቄ አዲስ ነው? የቅኔ ቤቱን ተማሪ እንይ። ቀን ከጉባኤው ወጣ ብሎ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። ነገ ሌላ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ መንገር ነውር ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ጀማሪውን ማንም ስምንት ቤት መወድስ አምጣ አይለውም። በሁለት ቤት በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ትንሽ ነገር፣ ምናልባትም አንካሳ ነገር። መምህሩ ያርመዋል፤ እሱ ተክቶ ግን አይቀኝለትም። ለጀማሪ ጠማማነት የክብር ቦታ የተሰጠበት ትምህርት ቤት ከቺካጎ በፊት እዚሁ ነበረን። እኛ ነን የስምንት ዓመት ልጅ መወድስ ይዞ ካልመጣ የምንለው።

መርዳት አይገባም እያልኩ አይደለም። የጀበናዪቱ ልጅም ተረድታለች፤ አያቷ አሸዋ ቀላቅዪበት ብለዋታል። ግን ጭቃውን አልነጠቋትም። በመርዳትና በመተካት መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ልጁ እንዴት እንደተሠራ መናገር ከቻለ ተረድቷል፤ ካልቻለ ተተክቷል። ደግሞስ መሐንዲስ አጎት የሌለው፣ እናቱ ጉሊት ውላ ማታ ደክማ የምትገባ ልጅስ? እሱ ያለ የሌለ ችሎታውን አውጥቶ ያመጣትን ጠማማ ቤት ከሌላው ሰው አጎት ጋር አወዳድረን ከአሥር አራት ስንሰጠው፣ የቀጣነው ስንፍናውን አይደለም፤ ሐቁን ነው። ይህ ልጅ ክፍል ውስጥ ካሉት ሁሉ አንድ ያልዋሸ እሱ ብቻ ሆኖ ይሆናል፤ ውጤቱም ከሁሉ ያነሰ ነው።

ለጎረቤቴ የምሰጠው መልስ ታዲያ “አንተ ብቻህን ክሰር” የሚል አይደለም። ብቻውን የሚወጣው ነገር አይደለም። መፍትሔው ግን ውድ አይደለም። ካርቶኑ ቤት አይሂድ፤ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ ቆርኪውንም ጭቃውንም ከአካባቢያቸው ለቅመው ይሥሩ። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ካርታና የሰው አካል እየሣሉ ማስተማሪያ ሲያዘጋጁ ስንት ዘመናቸው ነው! ማርኩም ለዕቃው ሳይሆን ለልጁ አፍ ይሰጥ። “እንዴት ሠራሽው? የት ላይ አስቸገረሽ? እንደገና ብትሠሪው ምን ትለውጫለሽ?” አርባ ስምንት ልጅ ላላት መምህር ይህ በአንድ ቀን አይሆንም፤ በሳምንት ግን ይሆናል። ወላጆችም በወላጆች ቀን ጠረጴዛው ፊት ስንቆም ፎቶ ከማንሣታችን በፊት ልጁን ያችኑ ጥያቄ እንጠይቀው። መልሱ “አጎቴ” ከሆነ ለአጎትየው እናጨብጭብ፤ ጎበዝ ሰው ነው። ከዚያ ወደ ተሰነጠቀው ጀበና እንለፍ፤ እዚያ ጋ ትንሽ መቆየት ሊኖርብን ይችላል።