የማን ዘመን ይታደሳል?

አሮጌ ቤት ለማደስ የተነሣ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ስለ ገንዘብ፣ ስለ እንጨትና ስለ ቆርቆሮ ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ያለ ገንዘብና ያለ ቁሳቁስ የሚታደስ ቤት የለም። ነገር ግን ከሒሳቡ በፊት መልስ ማግኘት ያለበት፣ ብዙ ጊዜ ግን ሳይጠየቅ የሚታለፍ ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ይህን ቤት ወደ የትኛው ዘመን፣ ወደ ማንስ ሕይወት ልንመልሰው ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው የመሐንዲሱ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ጠልቀን ስንመረምረው ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን።

ለምሳሌ የአዲስ አበባን የመኳንንት ቤቶች እንመልከት። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በነበሩት አሥርታት የተሠሩት እነዚህ ቤቶች በመልካቸው ይታወቃሉ። የብዙዎቹ ምድር ቤት በድንጋይ፣ ፎቃቸው በእንጨትና በጭቃ የታነጸ ነው። ሰፊ የእንጨት በረንዳ ይዞራቸዋል፤ የጣራቸው ክፈፍ እንደ ጥልፍ በተፈለፈለ ሳንቃ ያጌጠ ነው። በግንባታው የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ባለሙያዎች እጅ አለበት። ይሁን እንጂ ድንጋዩን ከካባ ያወጣው፣ ግንዱን ከጫካ ያመጣው፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግሩ ረግጦ ያቦካው ስሙ የትም ያልተጻፈ ሠራተኛ ነው። ቤቱ ግን ዛሬም የሚጠራው በባለ ማዕረጉ ስም ብቻ ነው።

ከዚያም ሌላ ዘመን መጣ። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ። ከትልልቆቹ አሮጌ ቤቶችም አንዳንዶቹ መሥሪያ ቤት፣ ሌሎቹ የብዙ ቤተ ሰብ መኖሪያ ሆኑ። ግብር ይበላበት የነበረው አዳራሽ በቺፑድ ተከፋፍሎ የአራትና የአምስት ቤተ ሰብ ማደሪያ ሆነ። እንግዳ ይቀበሉበት በነበረው በረንዳ ላይ የከሰል ምድጃ ተቀመጠ። በዚያ ጣራ ሥር ልጆች ተወልደው አደጉ፤ ሙሽሮች ከዚያ ደጃፍ ወጡ፤ አረጋውያን ከዚያው ተቀበሩ። ይህ ኑሮ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ከእነዚህ ቤቶች በአንዳንዶቹ መኳንንቱ ከኖሩበት ዘመን ተከራዮቹ የኖሩበት ዘመን ሊረዝም ይችላል።

እንግዲህ አንድ ዕቅድ አውጪ «ቤቱን ወደ ጥንተ መልኩ እንመልሰው» ብሎ ሲነሣ ሳያውቀው ፍርድ ሰጥቷል። የመኳንንቱ ኑሮ ታሪክ ነው፤ የተከራዮቹ ኑሮ ግን ተጠርጎ የሚጣል ጉድፍ ነው ማለቱ ነው። ይህ ፍርድ ትክክል ነውን?

በጉዳዩ ላይ ክርክር ሲካሄድ ቆይቷል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ፈረንሳዊው ቪዮሌ ለ ዱክ አንድ ሕንፃ ሲታደስ ምናልባት ኖሮት ወደማያውቀው ሙሉነት ሊደርስ ይችላል ብሎ ያምን ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ረስኪን በበኩሉ እንዲህ ያለውን እድሳት እንደ ሐሰት ቆጥሮ አጥብቆ ተቃወመ። በ1964 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የቬኒስ ቻርተር ደግሞ ሁለት ቁም ነገሮችን አስቀመጠ፤ አንደኛው ግምት በሚጀምርበት ቦታ እድሳት መቆም እንዳለበት፣ ሁለተኛው ሕንፃው ያለፈባቸው ዘመናት ሁሉ ያበረከቱት ድርሻ መከበር እንዳለበት ነው።

ግምት እውነትን ሲተካ ምን እንደሚሆን ሐረር ያስተምረናል። በጀጎል ውስጥ በፈረንሳዊው ገጣሚ በሬምቦ ስም የሚጠራ፣ ታድሶ ሙዚየም የሆነ ያማረ ቤት አለ። ሬምቦ የሞተው በ1891 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቤቱን አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ግን ከዚያ በኋላ ነው። የቤቱ ውበት እውነተኛ ነው፤ መጠበቁም መልካም ነው። ነገር ግን የእንግዳው ዝና ያሠራውን ነጋዴና የሠሩትን ግንበኞች ከጎብኚው ዐይን ሸፍኗቸዋል። ቤቱ ድኗል፤ ታሪኩ ግን ከባለቤቶቹ ተወስዷል።

በዚህ ላይ ሊቀርብ የሚችል ጠንካራ ተቃውሞ እንዳለ አንክድም። ሁሉም ዘመን ይከበር ካልን የቺፑዱ ግድግዳ ይቆይ፣ የምድጃው ጢስም ጣራውን ማጥቆሩን ይቀጥል ማለታችን ነውን? እንዲህ ከሆነ ቤቱ ራሱ ይፈርሳል፤ ተከራዩም በሚያፈስ ጣራ ሥር ይቀራል። ድህነትን እንደ ቅርስ መጠበቅ ለድሃው አክብሮት አይደለም። ይህ ተቃውሞ እውነት አለው፤ ስለዚህ መልሱ ሁሉንም መተው ሳይሆን በጥንቃቄ መለየት ነው።

ቤቱን የሚጎዳው ይነሣ፤ ከመነሣቱ በፊት ግን ይለካ፣ ፎቶግራፍ ይነሣ፣ በውስጡ የኖሩት ሰዎች ቃል ይጻፍ። ከክፍሎቹ አንዱ ተከራዮቹ እንደኖሩበት ሆኖ ይቆይ። አዲስ የሚገባው ሳንቃ አሮጌ መስሎ ጎብኚውን አያታል። ግድግዳውም በራሱ ቋንቋ ይጠገን፤ ኖራና ጭቃ እርጥበትን ያስተነፍሳሉ፣ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን በውስጥ አፍኖ አሮጌውን ግንብ ያፈራርሰዋል። ከውጭ የጠነከረ የሚመስለው ጥገና ከውስጥ የሚገድል ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የነዋሪው ዕጣ በዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ። የት ይሄዳል? ከዕድሩና ከልጆቹ ትምህርት ቤት ምን ያህል ይርቃል? ለመመለስስ መብት አለውን? ይህ መልስ ሳያገኝ መወጣጫው መቆም የለበትም። ቤት የሚከበረው ሰው ስለኖረበት ነው፤ ለቤቱ ክብር ሲባል ሰውን ያለ መጠለያ ማስቀረት ምክንያቱን ገድሎ ውጤቱን ማዳን ይሆናል።

የአዲስ አበባ ሙዚየም ያለበት የራስ ብሩ ሀብተ ገብርኤል ቤት የአንድ ሰው መኖሪያ የሕዝብ መማሪያ ሊሆን እንደሚችል ያሳየናል። በሌላ በኩል በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። የቀሩት ጥቂቶች በመሆናቸው በእነርሱ ላይ የሚፈጸም ስሕተት መታረሚያ የለውም።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ እነዚህ ቤቶች ይውሰዳቸው፤ ሠዓሊው ክፈፋቸውን ብቻ ሳይሆን የደረጃቸውንም መበላት ይሣል፤ ደራሲው በበረንዳው ላይ የተቀመጡትን እናት ያነጋግር። ያ ደረጃ የተበላው በባለ ማዕረጉ ጫማ ብቻ አይደለም፤ ውኃ ተሸክመው በወጡና በወረዱ ባዶ እግሮችም ነው። አዳሹ መጥረቢያውን ከማንሣቱ በፊት ለእነዚያ እግሮችም በዕቅዱ ቦታ ይስጣቸው።