ከፈተናው በኋላ ስለሚመጣው ፈተና

በቋንቋችን ፈተና የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። አንደኛው መምህር የደቀ መዝሙሩን ዕውቀት የሚመዝንበት ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛውም ጠላት የሰውን ልብ የሚያውክበት መከራ ነው። ዛሬ ልንመለከተው ያሰብነው ፊተኛው ካለቀ በኋላ በደጅ ቆሞ የሚጠብቀውን ሁለተኛውን ነው።

በ2016 ዓ.ም. በግንቦት ወር በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ ሳለን፣ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት የ16 ዓመት ልጇን ይዛ ወደ እኛ ቀረበች። «አባ፣ ይችን ልጅ ይጸልዩላት፤ እህል አልቀምስ፣ አልተኛም ካለች ሳምንት ሊሆናት ነው» አለችን። ወቅቱ ቤተ ክርስቲያን ጾም የማታዝዝበት በዓለ ኀምሳ ነበርና ምክንያቱን ጠየቅን። ልጅቱ ጂሲኤስኢ ከተባለው የአገሩ ፈተና የሥነ ጽሑፍን ሁለተኛ ወረቀት ጽፋ ከወጣች ወዲህ እንዲህ መሆኗን ተረዳን።

እርሷ የተፈተነችው ወረቀት የተወሰነለት ጊዜ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። ተማሪው መጽሐፍ ሳይዝ ይገባል፤ ካጠናቸው ግጥሞች አንዱ ታትሞ ሲቀርብለት ሌላውን ከልቡ አውጥቶ ከዚያ ጋር ያነጻጽራል፤ በመጨረሻም ከዚህ ቀደም ያላያቸውን ሁለት ግጥሞች አስተያይቶ ይጽፋል። ከሚያጠኗቸው መካከል አንዱ ሼሊ የተባለው እንግሊዛዊ ባለቅኔ በ1818 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ያሳተመው «ኦዚማንዲያስ» ነው። ይህም ስም ግሪኮች የግብጹን ፈርዖን ዳግማዊ ራምሴስን የጠሩበት ነው። መጽሐፈ መክብብን ለሚያነብ ምእመን የንጉሥ ሐውልት በአሸዋ ላይ ወድቆ መቅረቱ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ማነጻጸሩም ቢሆን ለእኛ ቤት ሩቅ አይደለም፤ በትርጓሜ ጉባኤ አንድም እያልን ምሥጢሩን ከምሥጢር፣ የኦሪቱን ምሳሌ ከሐዲሱ አማናዊ ጋር ስናስተያይ ኖረናል። ዳሩ ግን መምህሮቻችን ሰዓት ይዘው አልቆሙብንም።

ልጅቱን ሰዓቱ ቀደማት። የመጨረሻውን ንጽጽር ግማሽ ገጽ እንኳ ሳትሞላ ብዕር አስቀምጡ ተባለ። ከአዳራሹ ስትወጣ ጓደኞቿ ያን ጽፌያለሁ፣ ይህን ጠቅሻለሁ ሲባባሉ ሰማች፤ የሰማችው ሁሉ እርሷ ያልጻፈችው ሆነባት። ሌሊቱን ተኝታ ሳለ መልሱን በሐሳቧ ትጽፋለች። «አሁን ሁሉም ይመጣልኛል» አለችን።

እኛም በመጀመሪያ ተሳሳትን። «አይዞሽ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብለን ልናሰናብታት ነበር። እርሷም አንገቷን ደፍታ፣ «እርሱስ ያውቃል አባ፤ አራሚው ግን አያውቅም» አለች። ይህ ቃል ነቀፋ አይደለም፤ እውነት ነው። ስለዚህ ወደ ሒሳብ ዞርን። ያልጨረሰችው ጥያቄ 8 ነጥብ ያለው ሲሆን የሁለቱ ወረቀቶች ድምር 160 ነው፤ የሚያስለቅሳት እንግዲህ ከመቶ 5 ብቻ ነው ማለት ነው። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ ልጅቱ ግን አልተጽናናችም።

ቆይታ ቆይታ የልቧን ነገረችን። አባቷ ሌሊት እየሠራ ቀን ይተኛል፤ እናቷ ከሁለት ቦታ ትውላለች፤ ከአገራችን የወጣነው ስለ አንቺ ትምህርት ነው ሲሉም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰምታለች። እንግዲህ በዚያ ግማሽ ገጽ ላይ የተጫነው የሁለት ግጥሞች ንጽጽር ሳይሆን የአንድ ቤተሰብ ስደት ነበር። ይህን ሸክም የሚችል ወረቀት የለም። «አባ፣ ኃጢአት ሠርቻለሁ?» ብላም ጠየቀችን።

ኃጢአትስ ቢሆን መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ንስሐ አለው፤ ካህኑም ይፈታል። ሰዓት ማጠር ግን ኃጢአት አይደለምና ንስሐ አይገባበትም፤ ንስሐ የማይገባበትን ነገር እንደ በደል ይዞ ራስን መቅጣት መጨረሻ የለውም። ንስሐ ሰውን ወደፊት ያስኬደዋል፤ ይህ ዓይነቱ ጭንቀት ግን እንደ ሎጥ ሚስት ወደ ኋላ እያስመለከተ ባለበት ያደርቀዋል። በመክሊቱ ምሳሌም ሁለት የተቀበለው ባሪያ ሁለት አትርፎ ሲመጣ አምስት ስላላተረፈ አልተወቀሰም። የተወቀሰው ፈርቶ የቀበረው ነው።

ከዚያም ስለ ራሳችን ነገርናት። ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት ቅኔ ቤት ሳለን፣ በእሑድ ሌሊት በሊቃውንቱ ፊት መወድስ እንድናቀርብ ታዘዝን። ቀኑን ሙሉ በጫካ ስንቈጥረው ዋልን። ስድስቱን ቤት እንደ ተናገርን ሰባተኛው ጠፋን፤ ቆመን ቀረን። ቅኔ ደግሞ ባለፈ ማግሥት እንደ አዲስ ተመልሶ አይባልም። በማግሥቱ ለልመና ሳንወጣ ደበሏችንን ተከናንበን በጎጆው ውስጥ ተኛን። መምህራችን ከደጅ ቆመው፣ «የትናንቱስ ሄደ፤ ለዛሬ ምን ቈጥረሃል?» አሉን። ተቈጥተን ነበር፤ ነገር ግን ተነሣን። ልጅቱም ይህን ሰምታ፣ «ሰባተኛው ቤት ምን ይል ነበር?» አለችን። ብናስብ ብናስብ ሰባተኛው ቀርቶ ፊተኛዎቹም አልመጡልንም። ያን ጊዜ ሳቀች።

ሳቋ ብቻውን ፈውስ አልነበረም። ገና የሒሳብና የሌላም ትምህርት ወረቀት ይቀራት ነበርና፣ ወጥታ ስለ ጨረሰችው ጥያቄ ከጓደኞቿ ጋር እንዳትነጋገር፣ እራቷን በልታ እንድትተኛ፣ ሐሳቡ ሌሊት ሲመጣባት አባታችን ሆይ ደግማ ለባለቤቱ እንድትሰጠው መከርናት። ሐዋርያው ጴጥሮስ ጭንቀታችንን በእግዚአብሔር ላይ እንድንጥል ሲያዝዝ መጣል ማለቱን ልብ በሉ፤ የጣለ ሰው እጁ ለሌላ ሥራ ይፈታል። ውጤት ከወጣ በኋላም ወረቀቱ እንደ ገና እንዲታይ በትምህርት ቤቱ በኩል መጠየቅ ይቻላል፤ ነጥቡ ግን ሊጨምርም ሊቀንስም ይችላልና ይህ የሚመከርበት ከመምህር ጋር ነው።

ለወላጆች ግን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ልጁ ከፈተና ሲመለስ በደጃፍ «እንዴት ነበር? ሁሉን ሠራህ?» ማለት ፍቅር ይመስላል፤ እኛም ለልጆቻችን ብለነዋል። ይሁን እንጂ እርሱ ሳይጠየቅም ራሱን ሲጠይቅ ነው የመጣው። ምግቡን አቅርቡለት። ስለ አንተ ተሰደድን የሚለውንም ቃል ተጠንቀቁበት፤ የተሰደዳችሁት ስለ ብዙ ነገር ነውና አንድ ሕፃን ሁሉን ሊከፍል አይችልም።

የዚያ ዓመት ውጤት የወጣው ነሐሴ 16 ቀን ሐሙስ ነበር፤ የእመቤታችን የፍልሰታ በዓል የዋለበት ዕለት። ልጅቱ ሱባዔውን ከእናቷ ጋር ስታስቀድስ ሰንብታ በዚያም ጧት ቆረበች። ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱ ወደ ትምህርት ቤቱ አብረው ሄዱ። በመንገድም ሳሉ እናትየዋ አንዳች እንዳልጠየቀቻት በኋላ ሰማን።